ምዕራፍ አራት፦ አባት ሲቆጡ

በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም፤ ነገር ሁሉ አርእስት ካልወጣለት፣ በምዕራፍ ካልተከፈለ፣ ከፊቱ ማውጫ ካልተበጀለት እንቅልፍ የማይወስደው። ጎረቤት ከሆነ የግቢውን ድንጋይ ትልቁን ከትንሹ ለይቶ ይደረድራል። ዘመድ ከሆነ ሠርግ ላይ ማን ከማን ቀጥሎ እጁን እንደሚታጠብ ይደለድላል። አሠሪ ከሆነ ግን አላህ ይድረስልን። ለሐይቅ ከተማ የደረሳት ኡበይድ ነው።

ክቡር ኡበይድ፣ የአርእስቶች አለቃ፣ የማውጫዎች ሁሉ አባት፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የኮምፒውተርና የኮፒ ሱቅ አለው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን በበጋም እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ጅዳ ውስጥ በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ሲሠራ ቆይቶ ነው የተመለሰው። እዚያ እያንዳንዱ መደርደሪያ ቁጥር፣ እያንዳንዱ ሣጥን ስም ነበረው አሉ። ሌላው ከዓረብ አገር ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ይህን አመል ይዞ መጣ። እናቱ ኡሙሰልማ ሰው በጠየቃቸው ቁጥር፣ "ልጅ ልኬ መደርደሪያ መለሱልኝ" ይላሉ።

ይህ ሰው ለማውጫ ካለው ፍቅር የተነሳ ሚስት ሊያጣ ምንም አልቀረው። ሊያጣት የነበረችው ደግሞ የገዛ ጸሐፊው ራህመት ናት። ስለዚህ ነገሩን ከእሷ ወገን ሆኖ ማየት ይሻላል፤ በእሱ ወገን ካየነው መግቢያው ራሱ አያልቅም።

ራህመት የአምባሰል ልጅ ናት፤ አባቷ ሼህ ሱሩር ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለው መንደር ያርሳሉ፣ እህልም ይነግዳሉ። ደሴ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ተምራ ሐይቅ አክስቷ ቤት ተቀመጠችና ኡበይድ ዘንድ ተቀጠረች። በመጀመሪያ ቀኗ ሰዓድ የሚባል አስተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ መጣ። ራህመት የመጨረሻዋን ገጽ ከጻፈች በኋላ ወደ ፊት ተመልሳ ማውጫውን ጀመረች። "ምዕራፍ አንድ" ብላ ጻፈች፣ የነጥቧን ቁልፍ ወረቀቱ ጠርዝ እስኪደርስ ተጫነች፣ መጨረሻ ላይ የገጹን ቁጥር አስቀመጠች። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ስለተሰለፉላት ደስ ብሏት ነበር። ኡበይድ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቃት። ማውጫ መሆኑን ነገረችው።

"በእጅሽ?" አላት፤ ጥሬ ዓሣ ስትበላ ያገኛት ይመስል።

ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስከ ቀትሩ የዙህር አዛን ድረስ አስተማራት። አርእስትን ማወፈርና ማሳደግ ብቻውን አይበቃም፤ አርእስት መሆኑን ለማሽኑ መንገር ያስፈልጋል። ትልቁን አርእስት አንድ፣ ከሥሩ ያለውን አርእስት ሁለት፣ ከዚያ ሥር ያለውን አርእስት ሦስት ብለው ከነገሩት ማሽኑ ራሱ ይሰበስባቸዋል፣ ራሱ ገጻቸውን ያውቃል፣ ነጥቡንም ራሱ ይደረድራል። ጽሑፉ ቢረዝም ቢያጥር "አድስ" ብሎ መጫን ብቻ ነው። በእጅ የደረደረ ሰው ግን አንድ አንቀጽ በጨመረ ቁጥር ምዕራፉ ወዲያ፣ ቁጥሩ ወዲህ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ነው ሐይቅ ሁሉ በቃሉ የያዘውን ንግግር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ "ወፍራም ሁሉ አርእስት አይደለም!" አለ።

ኮፒ ሊያስነሳ ወረፋ ይጠብቅ የነበረው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሰውነቱ ሞላ ያለ ነው። ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ለማስታረቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው ሲመላለስ ሰነበተ።

በዚህ የሚያበቃ መስሏት ነበር። ክቡርነታቸው ግን የሚጻፍ ነገር ሁሉ ውስጥ እጃቸውን ያስገባሉ። የዓሣ ቤቱ ሳሊሕ የምግብ ዝርዝሩን ሊያስጽፍ መጣ፤ አንዲት ቅጠል ወረቀት ላይ የምታልቅ ነገር ናት። ኡበይድ "አርእስቱስ?" አለው። ሳሊሕ አርእስት እንደማያስፈልገው፣ ሰው ዓሣ ሊበላ እንጂ ሊያነብ እንደማይመጣ አስረዳው። ኡበይድ ሰማው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ የፈለገውን አደረገ። ምዕራፍ አንድ ጥብስ፣ ምዕራፍ ሁለት ጉላሽ፣ ምዕራፍ ሦስት ሾርባ ሆነ፤ ቃሪያ ያለውና የሌለው በንዑስ ክፍል ተለየ፤ ከፊቱ ከዝርዝሩ የሚረዝም ማውጫ ገባለት። አሁን እዚያ ቤት አስተናጋጆቹ ወደ ወጥ ቤት "አንድ ነጥብ ሁለት፣ ሎሚ ይኑረው" እያሉ ነው የሚጣሩት። ከወልዲያ የሚመጡ ሾፌሮችም ለምደውታል፤ አንዱ እንዲያውም ምዕራፍ ሁለት ሆዴን ያመኛል ብሎ እንደሚናገር ራህመት በጆሮዋ ሰምታለች።

ገበሬዎች ቧንቧቸው ተበላሽቶባቸው ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። የእነሱ ቃል አንድ መስመር ነበር፦ ቧንቧው ተሰብሯልና ይጠገንልን። ኡበይድ መግቢያ ጨመረ፤ ስለ ውኃ ጥቅም በአጠቃላይ ጨመረ፤ ስለ ቧንቧው አመጣጥ ጨመረ። የቧንቧው መሰበር ተገፍቶ ተገፍቶ ገጽ ሦስት ላይ ደረሰ። ሰዎቹ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ "ችግራችን ገጽ ሦስት ላይ ነው" ይሉ ነበር። መስከረም ላይ ደግሞ ለግሸን ንግሥ አውቶቡስ የሚያዘጋጅ ሰው መነሻ ሰዓቱን የሚናገር ማስታወቂያ አስጻፈ። በሦስት ምዕራፍ ተከፍሎ ወጣለት፦ መነሻ፣ በመኪና፣ በእግር። ተሳላሚዎቹ ሲመለሱ ሱቁ በር ላይ አውቶቡስ አስቁመው ኡበይድን አመሰገኑት። ዳገቱ ላይ እግራቸው ሲዝል ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መሆናቸውን፣ አራተኛ እንደሌለ እያሰቡ ነበር የወጡት።

ራህመት ማታ ማታ ለአክስቷ ስታማርር አክስትየው እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። ሰውዬው ያደክማል ትላለች። ሻይ ሲያዝዝ ያደክማል፣ በር ሲዘጋ ያደክማል፣ ዝናብ ሲመጣ እንኳ ይሄ የበልጉ ነው የክረምቱ እያለ ያደክማል። ግን አንድ ቀን ገበያ ወጥታ ቅመማ ቅመሙን በአርእስት አንድ፣ በርበሬውን በአርእስት ሁለት፣ ሚጥሚጣውን ከበርበሬው ሥር እያደረገች ስታስብ ራሷን አገኘችው። ደነገጠች። በሽታው ይተላለፋል ማለት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ለአክስቷ ሳትናገር ያስቀረችው አለ። ኡበይድ ተቆጥቶባት አያውቅም። መብራት ጠፍቶ የግማሽ ቀን ሥራዋ የጠፋ ዕለት አብሯት ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንብቦላት አስጻፋት፤ ያን ዕለት ስለ አርእስት አንድም ቃል አልተናገረም። ይህን እያሰበች አንዳንዴ ብቻዋን ትስቃለች፤ ለምን እንደምትስቅ ግን አክስቷ ቢጠይቋት የምትመልሰው አልነበራትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቆየና ኡበይድ ድንገት ተለወጠ። ለሁለት ሳምንት የመጨረሻውን ኮምፒውተር ማንም እንዳያይበት ወደ ግድግዳ አዞረው። ራህመት ወረቀት ልትወስድ ባለፈች ቁጥር ገጹን ይደብቃል። አርእስት የጎደለው ጽሑፍ ሲመጣ እንደ ቀድሞው አይጮህም፤ "እሺ" ብሎ ያትማል። ሐሙስ ዕለት ወለሉን እያየ፣ "እሑድ ቤታችሁ ብትሆኚ ጥሩ ነው" አላት። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ራህመት መባረሯ ነው ብላ ወሰደችው። ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል እየተመለከተች፣ ያ ሁሉ ስትማረርበት የኖረችው ሱቅ ለምን እንዲህ አንገቷን እንደሚያስደፋት ልታውቅ ፈለገች። ሌላ ሱቅ ሞልቷል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ደመወዙም ይሻላል። በዚያ ሁሉ ሱቅ ውስጥ ግን ኡበይድ የለም። ይህን ስታስብ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት መንገዱ አቅለሽልሿት መስሏት ሎሚ ሰጠቻት።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች በሼህ ሱሩር በር ላይ ቆሙ። ፊት የቆሙት የኡበይድ አጎት ሐጂ ሙዘይን ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ኡበይድ ሱቅ በረንዳ ላይ በስፌት መኪና ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ወልዴ ነበሩ፤ ክርስቲያን ናቸው፣ በሐይቅ ግን እሳቸው ያልተላኩበት የእስላም ጋብቻ ጥቂት ነው። ሦስተኛው አባ ኑርዬ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ የሚባለው ስለማይሰማቸው ንግግር ቆም ባለ ቁጥር "አሚን" ይላሉ፣ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናሉ። ራህመት ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና ባየቻቸው ጊዜ የመጡበትን ወዲያው አወቀች። እናቷ መስኡዳ ክንዷን ያዙ። የማን ሽማግሌዎች እንደሆኑ በሹክሹክታ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ያ አርእስት አርእስት የሚለው እንደሆነ ጠየቁ። አዎ አለች። መስኡዳ የልጃቸውን ፊት አዩና ሌላ አልጠየቁም።

እንግዲህ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በአምባሰል ሽማግሌ የመጣበትን ወዲያው አይናገርም። ይቆማል፣ ተቀመጡ ይባላል፣ አንቀመጥም ይላል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ያወራል፤ አባት ሁሉን እያወቀ ምንም እንደማያውቅ ሆኖ ይጠብቃል። ጥያቄው ሲመጣ ይቆጣል፣ ልጄ ገና ናት ይላል፣ ዘመድ ላማክር ብሎ ይቀጥራል፤ በሁለተኛው ይለዝባል፣ በሦስተኛው ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሰጠ አባት በዚያ አገር አልታየም። ሼህ ሱሩር ደግሞ በቁጣቸው የታወቁ ናቸው። የራህመትን ታላላቅ እህቶች ሲድሩ የተቆጡት ቁጣ እንደ አገራቸው ዜማ ከሥር ቀስ ብሎ ተነስቶ፣ ተጎትቶ፣ ላይ ሲደርስ የሚንቀጠቀጥ ነበር፤ ጎረቤት ሥራ ፈትቶ አጥር ሥር ያዳምጠው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ኢምራን በሚባለው የኡበይድ ጓደኛ ላይ የደረሰው ነው። ለኢምራን የተላኩት ሽማግሌዎች ስለ ዝናቡ ጀምረው፣ ስለ ማዳበሪያ ቀጥለው፣ ምሳ በልተው፣ መርቀው ተመለሱ፤ ልጅቷን አለመጠየቃቸው ትዝ ያላቸው ሐይቅ ሊገቡ ሲሉ ነው። እስኪመለሱ ልጅቷን የኮምቦልቻ ሰው ወሰዳት። ኡበይድ ይህ እንዳይደርስበት ሁለት ሳምንት ተጨንቆ ለሽማግሌዎቹ አንዲት መጽሐፍ አዘጋጀላቸው። ሽፋን አላት። ማውጫም አላት።

ሽማግሌዎቹ ቆሙ፣ ተቀመጡ፣ ሰላምታው ሄደ። ጋሽ ወልዴ ስለ ዝናቡ ያዙ። ዝናብ የሚወዱት ርእስ ነውና ካለፈው ክረምት ተነስተው ወደ አያታቸው ዘመን ወረዱ። ሐጂ ሙዘይን በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው። ጋሽ ወልዴ ደንግጠው የት እንደደረሱ ለማየት ከጋቢያቸው ውስጥ መጽሐፏን አወጡ፣ መነጽራቸውን ፈለጉ፣ በጣታቸው መስመሩን ተከተሉ።

ሼህ ሱሩር ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ወልዴ ምንም እንዳልሆነ ነገሯቸው።

"ምንም ከሆነ እስቲ አምጣው ወልዴ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ባለቤት በቤቱ ሲጠይቅ አይከለከልም። ሼህ ሱሩር መጽሐፏን ገለጡ። ዓይናቸው ደህና ነው፣ ንባባቸውም ጥሩ ነው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ምዕራፍ አንድ፣ ሰላምታ፣ ገጽ አንድ። ምዕራፍ ሁለት፣ ስለ ዝናቡ፣ ገጽ ሁለት፤ በቅንፍ ውስጥ ከዚህ እንዳይበልጥ ይላል። ምዕራፍ ሦስት፣ ጥያቄው፣ ገጽ ሦስት። ምዕራፍ አራት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው አነበቡት።

"ምዕራፍ አራት፣ አባት ሲቆጡ። አራት ነጥብ አንድ፣ ዝም ማለት። አራት ነጥብ ሁለት፣ መሬት ማየት። አራት ነጥብ ሦስት፣ ልጁ ሱስ እንደሌለበት ማንሳት።"

 ሐጂ ሙዘይን ዝም አሉ፣ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ወልዴም እንደዚያው። ሼህ ሱሩር ይህን ሲያዩ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ።

"እየሠሩበት ነው እኮ" አሉ ለራሳቸው።

መጋረጃው ኋላ መስኡዳ ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ራህመት ሳቋና ለቅሶዋ በአንድ ጊዜ መጣባት። አባቷን ታውቃቸዋለች። ይህን ቁጣ ከሐሙስ ጀምሮ ሲያዘጋጁት ኖረው ይሆናል፤ ሰው ነግሯቸው እንደነበር አሁን ገባት፤ ለምን ጠዋት ጢማቸውን እንዳበጠሩም ገባት። አሁን ግን ቁጣቸው ተቆጥሮ፣ ገጽ ተሰጥቶት፣ ተጠርዞ መጣላቸው። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ መጽሐፏን አዩ፣ ዘጉት። ፈገግ ሊሉ ፈለጉ መሰል ጉንጫቸው ላላ፤ ቀጥሎ ያለውን መስመር፣ ምዕራፍ አምስት፣ አባት ሲለዝቡ የሚለውን አዩና ፊታቸውን መልሰው አጠቆሩ።

"ምን ልሁን እንግዲህ?" አሉ በመጨረሻ። "ብቆጣ ገጽ አራት ነው። ብለዝብ ገጽ ስድስት ነው። በገዛ ቤቴ መሄጃ አሳጣችሁኝ።"

"አሚን" አሉ አባ ኑርዬ።

ሐጂ ሙዘይን ልጁ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ፣ ይህ ተፈጥሮው እንደሆነ፣ ወንፊት ቢሰጡት ቀዳዳውን እንደሚቆጥር በለሆሳስ አስረዱ። ሼህ ሱሩር አልሰሟቸውም። እሳቸውን በማውጫ ያስገባ ሰው ነገ ልጃቸውን በስንተኛው ንዑስ ክፍል ሊያስገባት ነው? ሚስት ስትታመም ገጽ ስንት፣ ስታኮርፍ ገጽ ስንት ሊል ነው? ልጃቸው ሣጥን አይደለችም። መጽሐፏን አጥፈው ወደ ጋሽ ወልዴ ዘረጉ። ይህ ደግሞ የለመዱት የሽማግሌ ፊት ቁጣ እንዳልሆነ ራህመት ከድምፃቸው አወቀች። ዜማ የለውም። እውነተኛ እምቢታ ነበር። የመጋረጃውን ጨርቅ በሁለት እጇ ጨበጠች።

ሼህ ሱሩር መጽሐፏን ሊለቁ ሲሉ ግን ዓይናቸው ማውጫው ላይ አንድ ነገር ያዘ። መለስ አድርገው ገለጡት። በምዕራፍ አምስትና በምዕራፍ ሰባት መካከል አንድ መስመር አለ። ምዕራፍ ስድስት ይላል፤ ከዚያ ስም የለውም፤ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ ብቻ እስከ ጠርዝ ድረስ፣ መጨረሻው ላይ ገጽ ሰባት። ገጽ ሰባትን ገለጡ። ባዶ ነበር።

"ይሄስ?" አሉ።

ጋሽ ወልዴ እሱን እነሱም እንደጠየቁት ተናገሩ። ረስተኸው ነው ወይ ቢሉት፣ አልረሳሁትም ብሏቸዋል። የሁሉንም ነገር አርእስት አውቃለሁ፣ አባቷ ምን እንደሚሉም እገምታለሁ፣ እሷ ምን እንደምትል ግን አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም፤ የማላውቀውን አርእስት አላወጣም፤ ቦታው ግን የእሷ ነውና ይቀመጥላት አለ።

ራህመት መጋረጃው ኋላ ሆና ይህን ሰማች። ኡበይድ ክፍት የቀረ አርእስት ሲያይ ራሱን የሚያመው ሰው ነው። ባዶ መስመር ተሸክሞ የመጣ ደንበኛ ሳይሞላ ከሱቁ አይወጣም። ይህን ገጽ ሁለት ሳምንት ሙሉ እያየው፣ በየቀኑ እያለፈው፣ ሳይነካው እንደኖረ ታያት።

ሐጂ ሙዘይን ጊዜውን አላባከኑም። "ሸሪዓውም ይህንኑ ይላል፤ ያለ እሷ ፈቃድ ኒካሕ አይታሰርም" አሉ።

ሼህ ሱሩር መጽሐፏን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አሰቡ። ልማዱ ልጅ በሦስተኛው ቀን፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ለስሙ ያህል ትጠየቃለች ነው። እሳቸው ግን ይቺን ቤት ዛሬ ማንም በጻፈው መንገድ ሊመሯት አልፈለጉም። ወደ ጓዳው ዞሩና ተጣሩ። ራህመት እናቷን አየች፤ መስኡዳ በአገጫቸው ሂጂ አሏት። ወጥታ ምሰሶው ሥር ቆመች፤ ሽማግሌዎቹ ከማፈራቸው የተነሳ ሁሉም ጣሪያ ያዩ ጀመር።

"ልጄ፣ ሰምተሻል" አሏት አባቷ። "ይሄ ሰው እንዴት ነው?"

ራህመት እግሯን እያየች ነበር። እውነቱን ከመናገር ሌላ አልመጣላትም።

"ያደክማል አባዬ" አለች።

ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሼህ ሱሩር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔስ ምን አልኩ የሚል ፊት ነበር።

"በጣም ያደክማል" ብላ ቀጠለች። "ግን ሌላ ሰው ቢያደክመኝ አልወድም።"

 ከአጥሩ ውጭ የሴት ሳቅ ተሰማ፤ ጎረቤቶቹ ቁጣ ሊሰሙ መጥተው ይህን አገኙ። ሼህ ሱሩር ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ቀጥሎ መጽሐፏን አነሱና ቀሪውን መስመር ለመጨረሻ ጊዜ ተመለከቱ። ምዕራፍ ሰባት፣ የሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮ። ምዕራፍ ስምንት፣ ሦስተኛ ጊዜና ዱዓ። ያን ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶባቸው የነበረው ነገር፣ በገዛ ቤታቸው የራሳቸውን የማድረግ ደስታ፣ ፊታቸው ላይ ሲመለስ ራህመት አየችው።

"ሁለተኛ እቀጥራቸዋለሁ ብሎ ጽፏል" አሉ። "አልቀጥርም። ሦስተኛም የለም። ዛሬ ሰጥቻለሁ። ይሄን ከየትኛው ገጽ እንደሚያገኘው አያለሁ።"

ሐጂ ሙዘይን ለእምቢታ እንጂ ለእሺታ አልተዘጋጁም ነበር። ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። በዚያ ሁሉ መሐል ተገቢውን ነገር የተናገሩት አባ ኑርዬ ብቻ ናቸው፤ "አሚን" አሉ፣ ሁሉም ተከተላቸው።

ወሬው በአምባሰል ሲዞር ሰው አላምን አለ። ሼህ ሱሩር በመጀመሪያው ቀን ሰጡ ሲባል፣ ታመው ይሆናል ብሎ ሊጠይቃቸው የመጣም ነበረ።

ከሰዓት በኋላ ራህመት ከቤቱ ጀርባ፣ ስልክ በሚይዝበት ቁልቋል አጠገብ ቆማ ሳለች ስልኳ ጮኸ። ኡበይድ ነበር። ሽማግሌዎቹን ሲጠብቅ ውጫሌ መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ውሏል፤ አሁን አግኝቷቸዋል። ሰላምታውን በሙሉ ጨረሰ፤ የአባቷን፣ የእናቷን፣ የከብቱን ደኅንነት በየተራ ጠየቀ።  ከዚያ፣ ለገጽ ሰባት የሰጠችውን መልስ ጋሽ ወልዴ እንደነገሩት ተናገረ፤ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ደግሞ አለ። ራህመት ቁልቋሉን በጥፍሯ ትጭር ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ነገር ብቻ ከንክኖታል። ምዕራፍ ሰባትና ምዕራፍ ስምንት ሳይነበቡ ቀሩ። ምዕራፍ ሰባት ላይ እኮ አባቷ በሁለተኛው ቀን ቢታመሙ ምን እንደሚደረግ ሳይቀር ጽፎ ነበር። ምዕራፍ ስምንትን ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው ያረመው፤ ከመጽሐፉ ሁሉ ያማረው እሱ ነበር፤ ታዲያ ማን ሊያየው ነው? እስቲ ቢያንስ መጀመሪያውን ልንገርሽ አላትና ጀመረ።

ራህመት አላቋረጠችውም። ቁልቋሉ ሥር ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች፤ ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው እያዛወረች፣ ካርዱ እስኪያልቅበት ድረስ አዳመጠችው።